በ1,784 እና በ1,785 መካከል፦ የጣና መንገደኛ መርከብ አንድ ሜትር

ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር ጉርድ ሾላ ሲቆም፣ አሽከርካሪው ፈጽሞ የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ «ሐዲዱ ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ይሆን?» መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ ባቡሩ ሊበላሽ ይችላል፤ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። ሐዲዱ ግን የትም አይሄድም። እስቲ አሁን ሐዲዱ በክረምት ከፍ የሚል፣ በበጋ ቀስ እያለ የሚወርድ፣ ሰኔ ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ጣቢያ አጠገብ ጭራሽ የሚጠፋ ባቡር አስቡ። የመንገደኛ መርከብ ኑሮ ይኸው ነው። መንገዷ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም።

«ወደብ የሌላት አገር ምን የመንገደኛ መርከብ አላት?» የሚል አይጠፋም። ጣና ላይ አለች። ከደቡብ ባሕር ዳር፣ ከሰሜን ጎርጎራ፣ በመሐል ደቅን የመሰሉ ደሴቶች፣ በዳር ዘጌ፣ ቁንዝላና ደልጊ አሉ። ከሞተር በፊት ሰዉ የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነበር፣ ዛሬም ታንኳው አልጠፋም። የሞተር ጀልባ በሐይቁ ዳርቻ ያሉትን ቦታዎች ማገናኘት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ማለዳ ከባሕር ዳር የምትነሳ መርከብ ዘጌና ደቅን ነክታ፣ ቁንዝላ አድራ፣ በማግስቱ ጎርጎራ ትገባ ነበር። አንድ ቀን ተኩል መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ተኩል? ባሕር ዳርና ጎርጎራ በቀጥታ ቢለኩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። መርከቧ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትጓዝ እንኳ ከአምስት ሰዓት በታች ይበቃታል። የቀረው ጊዜ የት ሄደ? እዚህ ላይ ነው የመንገደኛ መርከብ ሥራ ከጭነት መርከብ ሥራ የሚለየው። ጊዜዋን የምትጨርሰው በመጓዝ አይደለም፤ በመቆም ነው። መጠጋት፣ ገመድ መወርወር፣ ማውረድ፣ መጫን፣ ገመድ መፍታት፣ ወደ ኋላ መውጣት፣ ዞሮ አቅጣጫ መያዝ። ከዘጌ ቡናና ጌሾ ይሳፈራል፤ ከሌላው እህል፤ ከደሴቱ ደግሞ ባሕር ዳር ሆስፒታል የምትሄድ ነፍሰ ጡር። ይኸ ሁሉ በየፌርማታው አለ።

በዓለም ላይ በሥራ የተጠመዱ የወደብ መርከቦች ይህን ችግር የፈቱበት መላ ጉርድ ሾላ ላይ በየቀኑ የምታዩት ነው። ቀላል ባቡሩ መጨረሻ ሲደርስ አይዞርም፤ አሽከርካሪው ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ሌላ መሪ ይይዛል። ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሆንግ ኮንግ ወደብ ሰው የምታመላልሰው ስታር ፌሪም ጀልባዎቿ ሁለት ፊት አላቸው፤ በመጡበት መልሰው ይሄዳሉ። በአጭር መስመር ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚመላለስ መርከብ መዞርን ማስቀረት ማለት በቀን ስንትና ስንት ደቂቃ ማትረፍ ነው። የጣና መርከቦች ግን ፊትና ኋላቸው የተለየ ነው፣ መዞር አለባቸው። ለመዞር ደግሞ ቦታ ብቻ ሳይሆን ጥልቀት ያስፈልጋል። ወደ ዋናው ጉዳያችን የሚወስደን ይኸው ነው።

መርከብ ውሃ ላይ የምትቆመው የራሷን ክብደት የሚያህል ውሃ ገፍታ ነው። ከአርኪሜዲስ ጀምሮ የሚታወቅ፣ ትምህርት ቤትም የተማርነው ነገር ነው። ብዙም የማናስበው ከዚህ የሚከተለውን ነው፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ መርከቧን ዝቅ ያደርጋታል። ለስሌት ያህል በውሃው ልክ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያላት አነስተኛ መርከብ እንውሰድ። መቶ ሰው ከነሻንጣውና ከነጆንያው አንድ ላይ 10 ቶን ቢመዝን፣ 10 ቶን ውሃ 10 ሜትር ኩብ ነው፤ በ100 ካሬ ሜትር ሲካፈል 10 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ማለትም ባዶዋን ስትመጣ መሬት ያልነካችው መርከብ ሞልታ ስትወጣ ግማሽ ስንዝር ያህል ጠልቃለች። ከላይ አሥር ኩንታል እህል ቢጨመር ሌላ አንድ ሳንቲ ሜትር።

የጣና ውሃ ጨዋማ አለመሆኑም የራሱ ድርሻ አለው። የባሕር ውሃ በጨው ምክንያት ከንጹህ ውሃ በ2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ያቺው መርከብ ከባሕር ይልቅ ሐይቅ ላይ ትንሽ ጠልቃ ትቀመጣለች። ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሳቢ ተጭና ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ የመጣችው ጣናነሽ 2 ያጋጠማት አንዱ ለውጥ ይህ ነው። በአንጻሩ ንጹህ ውሃ ለብረት ደግ ነው። ዝገቱ ከባሕሩ ይዘገያል፣ በሆዷ ላይ የሚጣበቁት የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትም የሉም። ሐይቅ ላይ መርከቦች ዕድሜያቸው የሚረዝመው በዚህ ነው። ሞተሩ ግን ከፍታውን ይከፍላል፤ ሐይቁ ባለበት 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ያለ በቂ አየር ስለሚያነድ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ጭሱ ይጠቁራል። የአዲስ አበባን ዳገት በአሮጌ አውቶቡስ የወጣ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። መርከቧ ወደ መውረጃው ስትቃረብ ባሕርተኞቹ «ተቀመጡ! አትነሱ!» እያሉ የሚጮሁት ሥርዓት ወዳድ ሆነው አይደለም። ሁሉም ተነስቶ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ወደዚያ ይዞራል፤ ሲነሳ ደግሞ የክብደቱ ማዕከል ከፍ ይላል። ጣሪያ ላይ እህል ወይም እንጨት ከተጫነ ችግሩ እጥፍ ነው። ጀልባን የሚገለብጠው ሁልጊዜ ማዕበል አይደለም። ብዙ ጊዜ መድረሻ ላይ የቸኮለ መንገደኛ ነው።

ስለ ማዕበል ካነሳን፣ ጣና ላይ ጉዞ ማለዳ የሚጀመርበት ምክንያት አለው። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ከውሃው ይልቅ ምድሩ ቶሎ ይግላል፣ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ደግሞ ቦታውን ለመያዝ ይነፍሳል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የሚነሳ ማዕበል እንደ ውቅያኖሱ ረጅምና ዝግ ያለ አይደለም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረው ይኸኛው ዓይነት ነው።

ጥልቀት የለውም ስንል ምን ያህል? ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ትልቁ ቦታ ላይ 14 ወይም 15 ሜትር፣ በአማካይ 9 ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቁን የመሶብ ክዳን በሚያህል ስፋት ብትስሉት ጥልቀቱ ከወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ወደ ዳር ስትጠጉ ደግሞ ሁለት ሜትር፣ አንድ ሜትር ተኩል እያለ ይሄዳል። መርከብ ደግሞ ሰው የምትጭነው ዳር ላይ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ የሚሳፈር የለም!

ጥልቀት የሌለው ውሃ መርከብን በሁለት መንገድ ይቀጣል። አንደኛው ፍጥነት ነው። መርከብ ስትሄድ የራሷን ማዕበል ትፈጥራለች፤ ማዕበል ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሮጥ አይችልም። ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ወሰኑ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ሜትር ላይ 34 ገደማ። ተራ መርከብ ወደዚያ ወሰን ስትጠጋ የራሷ ማዕበል ከፊቷ እንደ ኮረብታ ይቆለልባታል፤ ሞተሩን የቱንም ያህል ብትጨምሩ ናፍጣው ያልቃል እንጂ እሷ አትፈጥንም።

ሁለተኛው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ሲኖትራክ በጎናችሁ ሽው ብሎ ሲያልፍ ሚኒባሳችሁ ወደ እሱ ሳብ ሲል ታውቃላችሁ አይደል? በመሐላቸው ያለው አየር ስለፈጠነ ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። መርከቧ ሆድና በሐይቁ ወለል መካከል ባለው ቀጭን ቦታ የሚያልፈው ውሃም እንዲሁ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መርከቧም ወደ ታች ትሳባለች። ቆማ ሳለ ከሥሯ 30 ሳንቲ ሜትር የነበራት መርከብ ስትሮጥ ከዚያ ያነሰ ይኖራታል። ስለዚህ ልምድ ያለው ካፒቴን ወደ ዳር ሲቃረብ ፍጥነት የሚቀንሰው እንዳይጋጭ ብቻ አይደለም፤ መርከቧ «እንድትነሳለት» ጭምር ነው። ይህን ካልጠበቀ መጀመሪያ የሚጎዱት ከኋላ በታች ያሉት ፕሮፔለሩና መሪው ናቸው። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሐይቁ ውሃ የሚስበው ቱቦም ጭቃ መጠጣት ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የጣና ትልልቅ መርከቦች በደህና ለመጓዝ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ቢያንስ 1,785 ሜትር ላይ መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ መቆሚያዎቹ አጠገብ ያለው ውሃ ለሆዳቸው አይበቃም። በሌላ በኩል ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ፣ ጨረጨራ ላይ፣ በ1988 ዓ.ም. መውጫውን የሚቆጣጠር ግድብ ሥራ ጀመረ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማዳረስ ነበር። መጀመሪያ ሁለት በር ነበረው፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨመረለት። ግድቡ ሐይቁን እንዲያንቀሳቅስ የታሰበው በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ለኃይል መሐንዲሱ ከ1,784 እስከ 1,785 ያለው አንድ ሜትር ሊጠቀምበት የሚችል የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲባዛ በአንድ ሜትር፣ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ለካፒቴኑ ግን ያ ሜትር መንገዱ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ችግሩ አንዱን ውሃ ለሁለት ሥራ መመደባቸው ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ጠብ አልሆነም። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ ጥሩ አልነበረም፣ ውሃ ግን በበሮቹ እየወጣ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ሐይቁ ወደ 1,784.5 ሜትር ገደማ ወረደ፤ እስከዚያን ጊዜ ተመዝግቦ የማያውቅ ዝቅታ ነበር። መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ። አራት ወር! ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አያቅትም፤ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ ገበያው፣ ትምህርቱ የሚመጣው በዚያችው መርከብ ነው። ውሃው የሸሸበትን ዳርቻ ሰዉ አረሰው፤ ለዓሣው መራቢያ የሆነው የደንገል ሸምበቆም ብዙው ጠፋ።

ይህንን ታሪክ በቁጥር ካስቀመጡት ሰዎች መካከል ጉርድ ሾላ የሚገኘው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ግቢ ውስጥ ቢሮ ያለው ዓለም አቀፍ የውሃ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ማቲው ማካርትኒና በኋላ የውሃ ሚኒስትር የሆኑት ዶክተር ስለሺ በቀለ ያሉበት ቡድን በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በተፋሰሱ የታቀዱት የመስኖና የኃይል ሥራዎች በሙሉ ቢተገበሩ የሐይቁ አማካይ ከፍታ በ0.44 ሜትር ዝቅ እንደሚል አስልቷል። 44 ሳንቲ ሜትር ለዋናተኛ ምንም ነው። ከሥሯ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ለሚተርፋት መርከብ ግን ምን እንደሆነ ከላይ አይተናል።

በዚያው ዓመት፣ በግንቦት 2002 ዓ.ም.፣ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ ሸለቆ ይጥለዋል። ለዚህ የታሰበው አማካይ ፍሰት በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው። ራሳችሁ አስሉት፦ በቀን 6.65 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፣ በሐይቁ ስፋት ሲካፈል በቀን 2.2 ሚሊ ሜትር። የጤፍ ፍሬ ሁለት ቢደራረብ ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባሉት ሰባት ወራት ግን ይህ «ምንም» ተጠራቅሞ 46 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ፍርዱን ወደ ማመንጫው ብቻ ማዞር ግን ልክ አይደለም። በዋሻው የሚሄደው ሁሉ አዲስ ወጪ አይደለም፤ ብዙው አለዚያም በጨረጨራ በኩል ወደ ዓባይ ይፈስ የነበረ ነው (ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የቀጠነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው)። ከጣና ላይ ትልቁን ውሃ የምትወስደው ደግሞ ፀሐይ ናት፤ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ፣ ማለትም በቀን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ታተናለች። ዋሻውን እጥፍ ማለት ነው። ልዩነቱ ፀሐይን ቀጠሮ አስይዘን መደራደር አለመቻላችን ነው። በሩን ግን የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ስንት ውሃ ይወጣል ብቻ ሳይሆን መቼ ይወጣል የሚለው ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሐይቁ ሞልቶ ሳለ የሚለቀቅ ውሃና በግንቦት የሚለቀቅ ውሃ ለመርከቧ አንድ አይደሉም።

ከላይ ውሃው ሲወርድ ከታች ደግሞ ወለሉ ይነሳል። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ከተራቆቱ ተራሮች አፈር ተሸክመው ይገባሉ። ወንዙ ሐይቁን ሲነካ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ጭነቱንም እዚያው ዳር ላይ ያራግፋል። ስለዚህ 1,785 የሚለው ቁጥር ራሱ ለዘላለም የሚሠራ አይደለም፤ መቆሚያው አጠገብ 20 ሳንቲ ሜትር ደለል ከተከማቸ ያቺው መርከብ ያንኑ ያህል ከፍ ያለ ሐይቅ ትፈልጋለች። በዚህ ላይ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የታየው እምቦጭ አለ። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ያኔ ባሕርተኛው ሞተር አጥፍቶ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በቢላ ይቆርጣል። በፕሮግራሙ ላይ ይህን የሚያህል ሰዓት የተያዘለት መርከብ የለም።

መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም። ሰፊ ሆድ ያላት መርከብ ያንኑ ጭነት ይዛ ያነሰ ትጠልቃለች፤ ቅድም ያልነው 100 ካሬ ሜትር 150 ቢሆን፣ መቶው ሰው 10 ሳንቲ ሜትር ሳይሆን 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያወርዳት። ዋጋው በማዕበል ላይ ጉዞዋ ሻካራ መሆኑ ነው። ከውሃው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መቆሚያም አለ፤ ጥልቁ ውሃ ድረስ ተዘርግቶ ከምድር ጋር በድልድይ ይያያዛል። ደለል መጥረግም ይቻላል፣ ግን ተራራው ካልዳነ በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ነው። በእኔ እይታ ከሁሉም የሚቀድመው ርካሹ ነው፤ የበሮቹ ፕሮግራምና የመርከቦቹ ፕሮግራም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲዘጋጁ ማድረግ።

ስለዚህ ለጣና አዲስ መርከብ መጣች ሲባል ስትሰሙ ስንት ሰው ትይዛለች፣ ስንት ፎቅ አላት የሚለውን ዜናው ራሱ ይነግራችኋል። እናንተ ጠይቁ፦ ሞልታ ስትጫን ስንት ሜትር ትጠልቃለች? ደቅ መቆሚያ ላይ በሰኔ ስንት ሜትር ውሃ አለ?